ሁለት ሴንቲሜትር ለስፌት

ኮምፒውተሬ ይጮኽ ነበር ስላችሁ፣ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር እዝዝ ይል ነበር ማለቴ አይደለም። የለየለት እብድ ነበር። እኔ የቤት ፕላን ነው የምሠራው፣ እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ። የዛሬ ደንበኛ ደግሞ መስመር አይቶ አይጠግብም፤ ሳሎኑን ከነቀለሙ፣ ከነመብራቱ፣ ከነሶፋው ካላሳየሁት ቤቱ የሚሠራለት አይመስለውም። ያንን ምስል ለማውጣት ማሽኑ ለሰዓታት ያሰላል፤ ሲያሰላ ይግላል፤ ሲግል የማሽኑ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ የተቀመጠችው መዳፍ የምታህል ፋን ነፍሷ እስኪወጣ ትሽከረከራለች። ጎረቤቴ አንድ ቀን አንኳኩታ «የምን ወፍጮ አስገባሽ?» ብላኛለች። ስቄ አለፍኩት። ለምጄው ነበራ!

አባዬ ግን ሊለምደው አይችልም። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሃምሳ ዓመት ሰፍቷል። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት ግራ እጁና ግራ እግሩ ሰነፉ፤ ያ አንድ ሱቅ ሙሉ ሠራተኛ ያዝበት የነበረ ድምፁም ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። አልጋው ከእኔ ጠረጴዛ ጀርባ፣ መንገዱን በሚያየው መስኮት ሥር ነው። ጓዳ ያለው ክፍል ይሻልሃል፣ ጸጥ ይላል ብዬ ብለምነው «እዚያ የማየው ግድግዳ ነው፣ እዚህ ሰው» ብሎ እምቢ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ይመረምራል። ያኛው ሱሪው አራት ጣት ተርፎታል፣ ለያቺኛዋ ኮት የሰፋላት ሰው እጁ ይቆረጥ። ሲፈልገኝ የሚያንቃጭለው ደወል ገዝቼለት ነበር። «በግ ነኝ እንዴ?» ብሎ በደህናው እጁ ወረወረልኝ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ? የእኔ ጉድ እውነትም ከኋላዬ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፋኗ እየጮኸች፣ እኔ የአንዱን ሀብታም ደረጃ ስስል፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ድብ አለ። ዞር ስል አባዬ መሬት ላይ ነው። ብርጭቆው ከአልጋው ሥር ተንከባሏል። ውሃ ፈልጎ ኖሯል።

«ምነው አልጠራኸኝም?» እያልኩ አነሳዋለሁ።

«ጠራሁሽ እኮ» አለ።

አጥንቱ አልተሰበረም፣ ተመስገን ነው። ዳሌው ግን ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ከረመ።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ሌላ ከተማ የምትኖር የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ስልክ ስታነሳም ተማሪ አሰልፋ የምትናገር ነው የምትመስለው። አልደበቅኋትም፣ ነገርኳት።

«ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጠሽ አልሰማሁም ነው የምትዪኝ?»

«ማሽኑ እየሠራ ነበር፣ እታለም።»

«እንግዲያው አንቺ ማሽንሽን ጠብቂ፣ እኔ አባቴን እጠብቃለሁ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ።» ስልኩን ዘጋችው።

ደሜ ፈላ። የፈላው ደግሞ እውነቷን ስለሆነ ነው። ሰው ሲዋሽብኝ እስቃለሁ፤ እውነት ሲነግሩኝ ነው የማብደው።

አባዬ ሁሉንም ሰምቷል። ጆሮውማ ከእኔ ይሻላል። ጠጋ ብዬ ቁጭ አልኩ። «ቤቷ ጥሩ ነው» አለኝ በዚያች ትንፋሽ በመሰለች ድምፁ። «እሷም ትወደኛለች። ግን ሚጣ፣ እዚያ ቤት መስኮቱ የሚያየው የውሃ ታንከር ነው።» ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው፤ ለእሱ ግን አሁንም ሚጣ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልጨመረም። ከወደቀ ጀምሮ እንዲያውም ዝም ብሏል። ውሃ አምጪ የለም፣ ትራሱን አስተካክዪ የለም። የመንገዱን ሱሪ ሁሉ ምሮታል። እኔም ሕመሙ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሥራዬን ልተወው? የምንበላው ከእሱ ነው። ማሽኑን ጓዳ ልክተተው? ከዚያማ ጭራሽ አልሰማውም፤ አላየውምም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴን ከአባዬ ጋር አስቀምጬ ወደ ቀስ በሉ ሄድኩ።

ቀስ በሉ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥም የሚጠግንም ሰው ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ደንበኛው ሁሉ ባንኮኒው ላይ ሲንጋጋበት «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚል እሱው ስሙ ሆኖ ቀረ። የመጣሁበትን ጉዳይ፣ አባዬንም እታለምንም ቅዳሜንም፣ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩለት።

«ቀስ በይ፣ እህቴ» አለኝ። «የምትጮኸው ፋኗ ትንሽ ስለሆነች ነው። ትንሽ ሰው ትልቅ ሸክም ስታሸክሚው ምን ያደርጋል? ይሮጣል። ትልቅ ብረት ያለው፣ ትልቅ ፋን ያለው ማቀዝቀዣ ከሆነ ያንኑ ሙቀት እያዘገመ ያወጣዋል።»

«በውሃ የሚያቀዘቅዝ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አለ። ግን ፓምፕ አለው፤ ፓምፕ ደግሞ ያጉረመርማል። ቤትሽ ውስጥ ሌላ የሚያጉረመርም ነገር ትፈልጊያለሽ?»

«ቅዳሜ አንድ ይመጣልኛል፣ ይበቃኛል» አልኩት።

ሳቀና ዕቃ ቤቱ አስገብቶኝ በሩን ዘጋው። ከመንገዱ ጩኸት ጋር ፋን አይገዛም፣ ሲል ነው። ማቀዝቀዣዎቹን አንድ በአንድ እያበራ እኔን ሁለት ሜትር ርቄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንድቆም አደረገኝ። ልክ ጠረጴዛዬ ላይ እንደምቀመጠው ማለት ነው። «በርቷል ጠፍቷል?» ይለኛል። የመጀመሪያውን «በርቷል» አልኩ፣ አወቅሁት። ሁለተኛውንም አወቅሁት። ሦስተኛው ላይ «አሁንማ ጠፍቷል» አልኩ። ዞር ስል ሳህን የሚያህል ፋን ቀስ እያለ ይዞራል። ቀጫጭን የብረት ገጾች እንደ ደብተር ተደርድረው፣ በመሃላቸው የመዳብ ቱቦ አልፎባቸው፣ ላያቸው ላይ ደግሞ ይሄ ፋን። ቁመቱ አሥራ አምስት ነጥብ ስምንት ሴንቲሜትር ነው። «ይሄን ስጠኝ!» አልኩ።

«ቀስ በይ። ፕሮሰሰሩ የተሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ይታሰራል፣ ያሳየሽኝ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ሳጥንሽ ውስጥ ግን መግባቱን እኔ አላውቅም። የድሮዋን ንቀያትና ከፕሮሰሰሩ ፊት እስከ ጎን ክዳኑ ያለውን ለኪ። አሥራ ስድስት ካለ ይሄን ትወስጃለሽ። ካነሰ አጭሩን እሰጥሻለሁ፤ እሱ ትንሽ ይሰማል። አደራ ለኪ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።»

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ፈታሁ፣ ፋኗን ነቀልኩና የራሴን ሜትር ላወጣ ስል ከኋላዬ ሹክሹክታ መጣ። ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር ነው የሰማሁት።

«እኔ እያለሁ በዚህ ቤት ማን ይለካል?»

አባዬ ነው። የጨርቅ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ሆስፒታል እንኳ አላወለቀውም። ሳጥኑን ተሸክሜ አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። ማስመሪያውን በሳጥኑ ከንፈር ላይ አጋድሜ ያዝኩለት፣ እሱ ከፕሮሰሰሩ ፊት ተነስቶ እስከ ማስመሪያው ለካ። ዓይኑን አጥብቦ፣ አውራ ጣቱን ሜትሩ ላይ ቸክሎ። «አሥራ ስድስት» አለ። ጻፍኩት። ከታመመ ወዲህ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኔ ለሰው ቤት ሚሊሜትር የምቆጥር ሴትዮ ደግሜ ልለካ? ምን ቆርጦኝ!

ማቀዝቀዣውን ረቡዕ አመጣሁት። ግን ለአንድ ደንበኛ ያለቀ ሥራ ማስረከብ ነበረብኝና ልገጥመው የተቀመጥኩት ዓርብ ጠዋት ነው። የድሮዋን ፋን ለመጨረሻ ጊዜ ነቅዬ በጥጥና በአልኮል የደረቀውን አሮጌ ቅባት ከፕሮሰሰሩ ላይ ጠረግሁ። አዲሱን ቅባት የምስር ፍሬ ያህል ጠብ አደረግሁ፤ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ሲበዛ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ማቀዝቀዣውን አስቀምጬ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንዱን ጥቂት፣ ማዶውን ጥቂት እያልኩ አጠበቅኋቸው። አባዬ ከአልጋው አንገቱን አስግጎ ያያል። የፋኑን ገመድ ሰካሁ። ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ልሞክረው ብዬ አበራሁት፤ ከባዱን የሳሎን ሥዕል ሰጠሁትና ጠበቅሁ።

ምንም። አንዲት ድምፅ የለችም፤ አቃጠልኩት አልኩ። ጎንበስ ስል ፋኑ ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ሥዕሉ ይሞላል፣ ሙቀቱ ደህና ነው። ከመንገድ የሰው ኮቴ ይሰማኛል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማኛል! ያ ሰዓት እንደሚቆጥርም ረስቼው ነበር። እፎይ ብዬ ወለሉ ላይ ዝርግፍ አልኩ።

ከዚያ ክዳኑን አንስቼ ልገጥም ስል አልገጥም አለ። ማቀዝቀዣው ከሳጥኑ ወደ ጎን አንድ ጣት ያህል ብቅ ብሎ ወጥቷል። ገፋሁት፣ አዞርኩት፣ ሰደብኩት።

«ማን ነው ደግሞ አሥራ ስድስት ያለው?» ብዬ ጮኽኩ። ማን እንዳለው ትዝ ያለኝ ከጮኽኩ በኋላ ነው። አፈር በበላሁ!

አባዬ በእጁ ነይ ነይ ብሎ ሳጥኑን አስመጣ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳበና እንደገና ለካ። «አሥራ ስድስት» አለ። እኔ ግን አሁን አውራ ጣቱን እያየሁ ነው። አውራ ጣቱ ያረፈው አሥራ አራት ላይ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ አሥራ አራት ነው።»

«አዎ፣ አሥራ አራት ነው» አለኝ፣ የተጠየቀው ነገር ገርሞት። «ሁለት ለስፌት።»

ክው አልኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲለካ የሚጠራው ቁጥር ስፌቱ የተጨመረበት ነበር፤ ቆራጩ የሰማውን ብቻ እንዲቆርጥ። ሱቁ ውስጥ ያደግሁት እኔ ይሄን ረሳሁት። እሱም ሳጥኑ ጨርቅ አለመሆኑን ረሳው። ሳቄ መጣ፣ ግን እሱ አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ።

«ይኸው» አለ፣ «በገዛ ሜትሬ ራሴን ለእህትሽ አስረከብኩ።»

«ማንም አያስረክብህም! ቆይ» ብዬ ቀስ በሉ ጋ ደወልኩ። አጭሩ ማቀዝቀዣ አልቋል፣ ማክሰኞ ነው የሚመጣው። አባዬን የምትወስደው እታለም ደግሞ ነገ ጠዋት ነው የምትመጣው። ሳጥኑን ክፍት ትቼ ልቀመጥ እንዳልል ከመስኮቱ የሚገባው አቧራ ማሽኑን በወር ይደፍነዋል፤ እታለም ደግሞ ሽቦው ተገልጦ ብታየው «አባቴን በኤሌክትሪክ ልትፈጂው ነው» ብላ በዚያው ዕለት ነው ሸክፋው የምትሄደው። አሮጌዋን ፋን ልመልሳት? እንግዲህ ወፍጮው ሊመለስ ነው። ሰኞ ዕለት ያንን ዝምታ አይቼ ልኩን ሳላይ «ስጠኝ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

እጅጌዬን ሳብ አደረገኝ። «የጠበበ ልብስ ይለቀቃል እንጂ ይጣላል?» አለኝ አባዬ። «ከቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን የቁርጥራጭ ከረጢት አውርጂ።»

ከከረጢቱ ውስጥ የቬሎ ቱል ወጣ። ለስንቷ ሙሽራ ከሰፋው የተረፈ ነጭ መረብ መሳይ ጨርቅ። አንዱን ቁራጭ አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበትና መዳፌን ከማዶ እንድይዝ አዘዘኝ። አየሩ መዳፌ ላይ ደረሰ። «በእኔ ትንፋሽ ካለፈ በማንም ያልፋል» አለ። ቀስ በሉ እስካሁን መስመር ላይ ነበር። ጠየቅሁት።

«አየር ካሳለፈ፣ ፋኑን ካልነካ፣ ምን ከፋኝ?» አለ። «በየሳምንቱ አራግፊው። ደግሞ ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ሲያልቅ ፎቶውን እፈልጋለሁ።»

ያን ከሰዓት በኋላ የአባዬ ግራ እጅ እኔ ሆንኩ። እሱ በቀኙ ይሰፋል፣ እኔ እይዛለሁ። «ሳቢ» ይላል፣ እስባለሁ። «ልቀቂ። ወደ ደረትሽ። ክሩን ቁረጪ።» ማሽኑ ከጎናችን በርቶ ሥራውን ይሠራል፣ የደንበኛዬ ሳሎን ሰኞ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዷን ሹክሹክታ ግን እየሰማሁ ነበር፣ እስኪገርመኝ ድረስ። የሚሰፋው በክዳኑ ፈንታ ሳጥኑ የሚለብሰውን ልብስ ነው፤ ጨርቁን ድርብ አደረገው። ማቀዝቀዣው ብቅ ባለበት ቦታ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ጎን ሰፋለት፤ «ይኸውልሽ፣ ሁለቱ ሴንቲሜትር አልጠፋም» እያለ። ዙሪያውን ላስቲክ አስገባበት፣ እንደ ፍራሽ ልብስ ሳጥኑን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ። ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ቅምቅማት ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ኮምፒውተሬ ተዳረች።

እታለም አራት ሰዓት ላይ መጣች። ከኋላዋ የሚታጠፍ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በእጇ ባዶ ሻንጣ። አባዬን ሳመች፣ ዳሌውን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሬ።»

«ለመቼ ነው ሠርጉ?» አለች። ወዲያው ግን ቆጣ ብላ «ደግሞ እኔ ስመጣ አጥፍተሽ ጠበቅሽኝ» አለች።

«በርቷል።»

አላመነችም። ጆሮዋን አስጠጋች። ስክሪኑን አየች፣ ሥዕሉ እየተሞላ ነው። «እሺ፣ ተቀመጪ። እንደ ወትሮሽ ዙሪ። አባባ፣ ጥራት እስቲ።»

ዞሬ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ይቆጥራል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ትስቃለች። የአባዬ ድምፅ ግን አይሰማም። ጠበቅሁ። አሁንም የለም። አልቋል፣ ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ አልኩ በሆዴ።

«አየሽ?» አለች እታለም፤ ድምፅዋ አልተቆጣም፣ አዘነ እንጂ። «ጥፋትሽ አይደለም፣ እህቴ። በቃ አትሰሚውም።» ሻንጣውን ይዛ ልብሱን ልታወጣ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ጠርቶኝ አልሰማሁት ይሁን፣ ጭራሽ አልጠራኝ ይሁን፣ ዞሬ ልጠይቀው አቅም አጣሁ። ስክሪኑን እያየሁ እንባዬን ጠረግሁ።

«ሚጣ። ውሃ።»

ዘልዬ ተነሳሁ። «መጣሁ፣ አባዬ!» ብርጭቆውን ሞልቼ ከንፈሩ ላይ አደረስኩ። እታለም ሦስት ሸሚዝ ታቅፋ የጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«ማን ጠራሽ?»

«አባዬ ነዋ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«እኔ ሰማሁት!»

«ቅድም አልጠራኋትም» አለ አባዬ ውሃውን ውጦ። «ሳልፈልጋት ምን ብዬ ልጥራ? ሰው መፈተኛ አላደርግም።»

እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ሸሚዞቹን እንደታቀፈች። ሳጥኑን፣ አባቷን፣ እኔን አየች። እኔ ግን ወደ አባዬ ዞርኩ። ያን ቀንም የጠየቀው ይህንኑ ውሃ ነው።

«አባዬ፣ የወደቅህ ዕለት ስንቴ ጠራኸኝ?»

ጣቶቹን አየ። «ሰባት» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲያ መጥራቱን ተውኩት። ሥራ ላይ ናት፣ ለምን አስቸግራታለሁ ብዬ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሕመሙ ነው ያልኩት ዝምታ ይሄ ኖሯል። እግሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱም በደህናው እጁ ራሴን እየዳበሰ «በቃ፣ በቃ፣ ልብሱን ታረጥቢዋለሽ» ይለኛል። እታለምም አብራ ስታለቅስ ያየሁት እናታችን ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ነው። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገችና ሸሚዞቹን ጓዳ መልሳ አስቀመጠች። ወንበሩን ትታልን ሄደች፣ «ፀሐይ አውጪው» ብላ። በር ላይ ቆማ ደግሞ «ባሌ እንደ በሬ ነው የሚያንኮራፋው፤ አባባ ለእሱም አንድ ይስፋለት» አለችኝ። ከሄደች በኋላ የተኛሁት እንቅልፍ ከስንት ጊዜ በኋላ የተገኘ እንቅልፍ ነው።

ማክሰኞ ቀስ በሉ ደውሎ አጭሩ መጥቷል፣ ልትቀይሪው ትፈልጊያለሽ አለኝ። የምን መቀየር! ሳጥኔ ቬሎዋን እንደለበሰች አለች። አባዬ ደግሞ አፉ ተከፈተለት፣ ቀን ከሌት የለም። ሚጣ ውሃ። ሚጣ ትራስ። ሚጣ፣ ነይ ይሄን ሰውዬ እዪልኝ፣ እጅጌው እኩል አይደለም። በአንድ ሰዓት አሥር ጊዜ እነሳለሁ። ትናንት አንዱ ጣሪያ አልወጣልኝ ብሎ ተናድጄ ሳለ ደግሞ ጠራኝ።

«ሚጣ።»

«አቤት!» አልኩ ቆጣ ብዬ፣ ሳልዞር።

ውሃም ትራስም አላለኝም። ዞርኩ። በመስኮቱ ወደ መንገዱ እያየ ፈገግ ብሏል።

«ምንም አይደል» አለኝ። «አቤት ስትዪ ልስማ ብዬ ነው።»